ወደ ራስ የሚቆርጥ መጋዝ

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ወርክሾፑ ስትደርስ ሬሳው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ከንፈሩን የሚመጥጥለት ግን አንድም ሰው አላገኘችም።

ሟቹ የወርክሾፑ ባለቤት ነው። ሠላሳ ዓመት በርና ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ፣ እጁ የተመሰገነ፣ አፉ የተጠላ ሰው ነበር፤ ሁሉም «አለቃ» ይሉታል። በየጠዋቱ ጣውላ የሚከመርበት ቆጥ ላይ ይወጣና የእንጨት መደገፊያውን ተደግፎ ከታች ያሉትን ሠራተኞች በየተራ ይሰድባል። ዛሬም ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው ሰው ላይ ሳይደርስ መደገፊያው ለሁለት ተከፈለ፤ አለቃም ከነስድቡ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ዋሽቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት የምታዳምጥ ሴት ናት። የተሰበረውን መደገፊያ አገላብጣ አየችው። ከሥሩ ወደ ላይ፣ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ተርፎ ተቆርጧል። ቁርጡ ስስ ነው፤ ወፍራም ወረቀት እንኳ በግድ ነው የሚገባበት። ውስጡ አንዲት የብረት ፍንጣሪ ተሰክታለች። በወረንጦ አውጥታ በወረቀት ጠቀለለቻት። ሰጋቱራ ፈልጋ ወለሉን አላየችም፤ በአናጺ ቤት ሰጋቱራ የማንም ምስክር አይሆንም።

ወደ ቆጡ የሚያወጣው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከቢሮው የሚነሳ፣ በሩ የሚቆለፍ ደረጃ ነው። ሌላው ከወርክሾፑ ወለል ተነስቶ ከመደገፊያው በውጭ በኩል የሚደርስ ተንቀሳቃሽ መሰላል ነው።

«የደረጃው ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እሱ ጋና እኔ ጋ፣» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ሒሳቡንና ቢሮውን የሚይዝ፣ ከዳሌው የሚያነክስ ሰው ነው። «ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል። አዎ፣ አንዋደድም ነበር። የእናቴ ልጅ ባይሆን ሰላምታም አልሰጠው። ግን ለመግደል መናደድ ያስፈልጋል፤ እኔ መናደድ ከተውኩ ቆየሁ።»

«አጎቴ መናደድ የተወው መቼ ነው?» አለች የሟቹ ልጅ ከበሩ ሥር። እሷም እንደ አባቷ አናጺ ናት። «ማክሰኞ ምሳ ላይ ሳህን የወረወረው ማን ነበር?»

«አንቺ አፍሽን ያዢ። ለአባትሽ አንድ ዘለላ እንባ ያላወጣሽ።»

«የማን ልጅ ሆኜ ላልቅስ?»

የጠባቸው ሥር ቶሎ ወጣ። አለቃ ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ ሥራውን ሊለቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሁሉንም ሰብስቦ «አንድ ምርጥ መጋዝ እገዛለሁ፤ መጋዙን የምሰጠው ሰው ወርክሾፑን ይረከባል» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድም፣ ልጅና ፎርማን እንደ ሦስት ድመት ሲተያዩ ሰነበቱ። መጋዝ ሻጩ ማክሰኞ ለሙከራ ያመጣቸው ሁለት መጋዞች አሁንም በጨርቅ መያዣቸው ታስረው አለቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

ፎርማኑን ለብቻው ጠራችው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው የሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

«እኔ መጋዝ አላውቅም፤ ያስተምሩኝ፣» አለችው።

ደስ አለው። ወደ ተሰበረው መደገፊያ ወስዶ በጣቱ አሳያት። «መጋዝ እንጨቱን የሚሰነጥረው በገባበት ሳይሆን በወጣበት በኩል ነው። ስንጥሩን አዩት? በውጭ በኩል ነው። እንግዲህ የቆረጠው ሰው ቆጡ ውስጥ ቆሞ ወደ ውጭ እየገፋ ነው። ቁልፍ ያለው ማን እንደሆነ እኔ አልናገርም። የሰው ቤት ነው።»

«እርስዎ ቢሆኑ ከሁለቱ መጋዞች የትኛዋን ይመርጡ ነበር?»

«ወፍራሟን። ጀርባዋ ነሐስ ነው፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ያቺ ስሷ ደረቅ እንጨት አትችልም። ሁለት ጥርስ የጎደላት መጋዝ ደግሞ ለሻጯ ትመለሳለች እንጂ አትመረጥም።»

«ይዘዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? አለቃ ማንን ያስነካል። ማክሰኞ ሲያመጧቸው ከሩቅ አየኋቸው፤ በቃ።»

ከወጣ በኋላ ኢንስፔክተሯ የስሷን መጋዝ መያዣ ፈታች። ጥርሶቿን በጥፍሯ እየነካች ሄደች። መሃል ላይ ሁለት ቦታ ባዶ ነው። በወረቀት የጠቀለለቻት ፍንጣሪ አንዱ ቦታ ላይ ልክክ አለች።

መጋዝ ሻጩ ሁለት መንገድ አልፎ ጠባብ ሱቅ አለው። ስትገባ ቀና ብሎም አላያትም።

«ለፖሊስ የሚሆን መጋዝ የለኝም።»

«እንዴት እንደሚመረጥ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ለሚያውቅ ነው የሚነገረው፣» ቢልም ሥራው ሆነበትና ሁለት መጋዝ አወረደ። «እቺ ገፊ ናት። ወደ ፊት ስትሄድ ነው የምትቆርጠው፤ እንዳትታጠፍ ወፍራም መሆን አለባት። እቺ ጎታች ናት። ወደ ራስ ስትሳብ ነው የምትቆርጠው፤ ስለዚህ ስስ ብትሆንም አትታጠፍም። ቁርጧ ፀጉር ያህላል። ጥርሷ ግን ተሰባሪ ነው፤ የሚመርጣት ሰው የሚሠራበትን እንጨት አስቀድሞ ይወቅ።»

ኢንስፔክተሯ ቁራጭ እንጨት የሱቁ ማሰሪያ ላይ አስራ በሁለቱም ቆረጠች። የገፊዋ ስንጥር ከእሷ ማዶ ወጣ። የጎታቿ ስንጥር በእሷ በኩል፣ ሆዷ ፊት ወጣ። ሁለቱን ቁርጥ ለረጅም ጊዜ አየች።

«አለቃ ዘንድ የነበረችው ጎታች መቼ ነው ጥርሷ የጎደለው?»

«ጎደለ?» አለ ሻጩ፤ አሁን ገና ቀና አለ። «ረቡዕ ከምሳ በፊት ከአለቃ ጋር በአጉሊ መነጽር ጥርስ በጥርስ አይተናታል፤ ምንም አልነበራትም። እሱ ራሱ በመያዣዋ አሰራት፤ አብረን ወጣን። እሱ ደንበኛ ዘንድ ሄደ፤ ወደ ወርክሾፑ አልመለስም ብሎኛል።»

«ከሰዓት በኋላ ወደ ወርክሾፑ ይምጡ። ሁሉም ይኖራሉ።»

ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም ተራርቀው ቆሙ። አንድ ፖሊስ የታናሽ ወንድምየውን ክንድ ይዟል፤ ፎርማኑ ለኢንስፔክተሯ ያለውን ለፖሊሱም ነግሮታል።

«ልቀቃቸው፣» አለች ኢንስፔክተሯ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረቅ ነበር። «ቁልፉ እሱ ጋ አይደል?»

«ለዚህ ነው የምለቃቸው። መደገፊያው ላይ ያለው ቁርጥ ስስ ነው፤ ወፍራሟ መጋዝ አትገባበትም። የተቆረጠው በጎታቿ ነው። ጎታች መጋዝ ስንጥሯን የምታወጣው በቆራጩ በኩል ነው። ስንጥሩ ውጭ ከሆነ ቆራጩም ውጭ፣ መሰላሉ ላይ ነበር። አጎትሽ በዚያ ዳሌ መሰላል አይወጡም። ቁልፍ ያለው ሰውስ መሰላል ላይ ለምን ይንጠለጠላል? መሰላል የሚፈልገው ቁልፍ የሌለው ነው።»

«እኔም ቁልፍ የለኝም፣» አለች ልጅቷ።

«የለሽም። እስከዚህ ድረስ አንቺም አለሽበት። ነገር ግን መጋዟ ረቡዕ ከምሳ በፊት ጥርሷ ሙሉ ነበር። አለቃ አስሯት ወጣ። የተሰበረችው መደገፊያው ውስጥ ነው፤ ፍንጣሪዋን ከዚያ አወጣኋት። ከዚያ ተመልሳ በመያዣዋ ገባች። እኔ ዛሬ እስክፈታት ድረስ ሁለት ጥርስ እንደጎደላት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቆረጠባት።» ወደ ፎርማኑ ዞረች። «እርስዎ ግን መያዣው ሳይፈታ ነገሩኝ። ማክሰኞ ከሩቅ ብቻ ያያት ሰው፣ ረቡዕ የወለቀ ጥርስ እንዴት ቆጠረ? ስንጥሩንም ያስተማሩኝ ግማሹን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ አናጺ ጎታች መጋዝ ወዴት እንደምትሰነጥር ይጠፋዋል?»

የፎርማኑ ፊት ላይ የቆየ ጥላቻ ወጣ።

«ረቡዕ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር፣» አለ። «አላዝንም። ሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ከዚያ ላይ ሲተፋብኝ ኖረ። ወርክሾፑ የቆመው በእኔ እጅ ሙያ እንደሆነ ያውቃል። መጨረሻ ላይ መጋዙን ለልጁ ሊሰጥ። ሰኞ ከእሷ ጋር በር ዘግተው ሲማከሩ ሰምቻለሁ።»

«እኔንማ ከዚህ ቤት ሂጂ እያለኝ ነበር፣» አለች ልጅቷ። «አትበቂም ነው ያለኝ። በር የዘጋው ስታለቅሺ እንዳይሰሙሽ ብሎ ነው።»

«ውሸት ነው።»

በሩ አጠገብ የቆመው መጋዝ ሻጭ ኪሱን ፈተሸ። «ለልጁ ነው ያለህ ማነው?» አለ። «ረቡዕ ወፍራሟን መርጦ እጀታዋ በልክ እንዲሠራ አዟል። ልኬቱ ይኸው፤ በእጁ የጻፈው ነው።»

ወረቀቱ የእጀታ ንድፍ ነው። ከሥሩ በአለቃ ጠማማ ጽሕፈት ሁለት መስመር ሰፍሯል። ኢንስፔክተሯ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ለፎርማኑ እጅ ይሁን። የአሮጌ መጋዙን እጀታ ሳያየኝ ለክቻለሁ። እንዳትነግረው፣ ይኮራል።»

ታናሽ ወንድም ክንዱን እያሻሸ ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ለእኔም አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም፣» አለች ልጅቷ ፎርማኑን ፊት ለፊት እያየች። «እኔ ግን አልገደልኩትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ፎርማኑ ግን እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ፤ ኢንስፔክተሯም ሰጠችው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ፤ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።