የጠፋው የክላሪ ኦትስ ደብተር

የሚስ ሎዌና ትሬጌር አስከሬን የተገኘው ዓርብ ጠዋት፣ በካላን ክሪክ ንባብ ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ ነበር። በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ደም ደርቋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። የከተማዋን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ስለነበሩ፣ ወሬው ከዳቦ ቤቱ ተነሥቶ ድልድዩ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። «ወድቀው ነው» አለ የሰማው ሁሉ። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነበር።

ከአውራጃው ፖሊስ ጣቢያ አርባ ደቂቃ በመኪና ተጉዛ የመጣችው ሳጅን ዊን አህ ፎይ ግን መጀመሪያ አስከሬኑን ማየት ፈለገች። አጭር፣ ቀጭን፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ሁለት እጆቿን ኮት ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

«ስንት ደረጃ ነው?»

«አሥራ አራት» አለ ዶክተር ጊልክሪስት።

«ከላይ ተንከባለው ነው የመጡት?»

«ታዲያ ከየት ይመጣሉ?»

«እስቲ ፀጉራቸውን እይልኝ።»

ነጩ ፀጉራቸው ከማጅራታቸው በላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። ጥቅሉ ውስጥ ቀይ እርሳስ ተሰክታለች፤ ሲጽፉ ውለው እርሳሳቸውን እዚያ መሰካት ልማዳቸው ነበር። እርሳሷ ቀጥ እንዳለች ናት። ጫፏ እንኳ አልተሰበረም።

ሐኪሙ ክንዳቸውንና ጉልበታቸውን ገልጦ እንደገና አየ። አንድም የተጋጋጠ ቦታ የለም። ሲነሣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሌላም ነገር አለ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወዲያው አልሞቱም። ከተመቱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሳይተነፍሱ አልቀሩም።»

«ክሊኒክህ የት ነው?»

«መንገዱ ማዶ።» ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ዊን ወደ እሳት ምድጃው ሄደች። የድንጋዩ ጠርዝ ዙሪያውን አቧራ ለብሷል፤ አንደኛው ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ነጽቷል።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ከተማዋ ሁለተኛውን ወሬ ሰማች፤ ተገድለዋል። የንባብ ቤቱ በር ቀን ቀን ተቆልፎ አያውቅም፤ መንገደኛም ከሳምንት ወዲህ አላለፈም። ስለዚህ ገዳዩ ከመካከላቸው ነው። ቁልፉ ከጠፋ ዘመን የሆነው በር ሁሉ በወንበር ተደገፈ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ሰላም ሲላቸው የሚደነግጡ ነበሩ።

ዊን መጀመሪያ ያነጋገረችው የታሪክ ማኅበሩን ጸሐፊ ሚሲስ አይሪስ ፐርቪስን ነበር፤ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። በንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስድሳ ያህል ደብተሮች ተደርድረዋል። በየደብተሩ ጀርባ ላይ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት አሮጊት ስም አለ። ሚስ ትሬጌር ለአሥር ዓመት እየተቀመጡ የጻፉት ነው፦ ማን ምን ይበላ እንደነበር፣ የማን ፍየል የማንን አትክልት እንደጨረሰች፣ ልብስ የት ይሰጣ እንደነበር።

«እዚህ ጋ ክፍተት አለ» አለች ዊን። «ኒኮል፣ ከዚያ ፓስኮ። መካከሉ የማን ነበር?»

«የክላሪ ኦትስ።» አይሪስ መሐረቧን ጨመደደች። «ሌላ ማንንም አትፈልጊ። ረቡዕ ዕለት እያለቀሰ ነው ከዚህ የወጣው። ‹ሰው ፊት እንዳታነቢው› ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸው ደግሞ ነገ መዋዕለ ሕፃናቱ ሲመረቅ ሊያነቡት ነበር።»

«ሚስ ትሬጌር ሐሙስ ዕለትስ ምን ሠሩ?»

«ከሰዓት ለወረዳው መሐንዲስ ሲደውሉ ትቻቸው ሄድኩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።»

«እርስዎስ ዛሬ በስንት ሰዓት መጡ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲገቡ አይታዎታለች።»

አይሪስ ቀይ ሆነች፤ ቆይታም ማልቀስ ጀመረች። «ደብዳቤ ነበር። ሐሙስ ዕለት ተጣልተን ‹ከማኅበሩ ወጥቻለሁ› ብዬ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬው ሄድኩ። ዛሬ ሳገኛቸው... ሬሳቸውን ተሻግሬ አነሣሁት። ሰው እንዳያየው። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ እንግዲህ!»

ዊን ውኃ ቀዳችላት።

መሐንዲሱን ኔቪል ስትራውድን ያገኘችው አዲሱ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ነው። ሠራተኞች ወንበር እየተሸከሙ ከሣሩ ላይ ወደ መንገድ ያወጣሉ።

«ትናንት ሣሩ ላይ ደርድሩ አለን፤ ዛሬ አንሡ አለን» እያለ ያጉረመርማል አንዱ። «ነገ ደግሞ ጭንቅላታችሁ ላይ ተሸከሙት ይለናል።»

«ዝናብ ሊመጣ ይችላል» አለ ስትራውድ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ከቢሮው ወጥቶ ወደ አዲሱ ሕንጻ ሲወስዳት ሣሩን በቀጥታ አላቋረጠም። አጥር አጥሩን ይዞ ዞረ። የአጥሩ ሥር ጭቃ ስለነበር የተወለወለ ጫማው እስከ ማሰሪያው ተነከረ።

«ሣሩ ገና ሥር አልያዘም» አላት።

«ልጆቹ ግን እየተጫወቱበት ነው።»

እውነትም ሕፃናቱ ለነገው በዓል መዝሙር ሊለማመዱ መጥተው፣ ከትልቁ ባሕር ዛፍ እስከ ወንዙ አጥር ድረስ ይራወጣሉ። ስትራውድ ወደ እነሱ አየና ላቡን ጠረገ። መምህርታቸው ቤቭ ሃሎራን ከበሩ ላይ ሆና ሳቀች።

«ጠዋት ‹ውስጥ ይሁኑ› አለኝ! ልጅ የማይረግጠው ሣር ለምን ይተከላል? ታንያስ እንዴት ሆነች፣ ኔቪል? ጉንፋኑ ተሻላት?»

«ይሻላታል» አለ ባጭሩ። ታንያ የአራት ዓመት ልጁ ናት።

«ሚስ ትሬጌር ትናንት ደውለውልህ ነበር» አለች ዊን።

«አላገኙኝም። ካየኋቸው ወር አልፏል።»

«ስለ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ያው ስለ ጥንቱ ነዋ! እዚህ አገር ሽማግሌ የሚያወራው አያጣም። አንዱ አያቴ ወርቅ ቀብሯል ይልሻል፤ አንዱ ደግሞ የዳቦ ጋሪ ከነፈረሱ መሬት ዋጠው ይልሻል። ተረት ነው።»

ዊን አመስግናው ወጣች። ስትወጣም በአጥሩ በኩል ዞራ ነበር፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ገና ራሷም አላወቀችም።

ክላሪ ኦትስ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከወንዙ ወዲህ፣ በቆርቆሮ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገና ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«እኔ አልነካኋትም፣ ልጄ። ደብተሩን ጉድጓድ ብትከቺው ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷን ግን አልነካኋትም።»

«ምን ነበር የነገሯቸው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አባቴ የዳቦ ጋሪ ነጂ ነበር። አንድ ቀን ሰክሮ መንገድ ላሳጥር ብሎ በቲንከር ሜዳ አቋረጠ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መሬቱ ከሥራችን ሄደ። የድሮ የወርቅ ጉድጓድ ነበር፣ አፉ በጭራሮና በአፈር የተደፈነ። አባቴ ጎትቶ አወጣኝ። ፈረሷና ጋሪው ገቡ።» የባርኔጣቸውን ጠርዝ ዳሰሱ። «ወዲያው አልሞተችም። እስከ ማግሥቱ ትሰማ ነበር። አባቴ ግንድ አጋደመበት፣ አፈር መለሰበት፤ ‹ፈረሷን ሸጥኳት› ብሎ አወራ። እናቴንና እኔን መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ አስማለን።»

«ለሌላ ሰው ተናግረው ያውቃሉ?»

«ለሰባ ሦስት ዓመት ለማንም። ረቡዕ ዕለት ለሎዌና ብቻ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሞት ሲቀርብ አፍ ይላላል መሰለኝ።»

«ቦታው የት ጋ ነው?»

«ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። ከእሱ ወደ ወንዙ ሃያ እርምጃ። አሁን ምን እንዳለበት አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ማዶ ረግጬው አላውቅም።»

ዊን ልጆቹ የሚራወጡበት ሣር ትዝ አላት። ከዚያ በረንዳ እስከ ጎረቤቱ ስልክ ድረስ እንዴት እንደሮጠች በኋላ አታስታውሰውም።

«ቤቭ? ልጆቹን ከሣሩ ላይ አውጪ። አሁኑኑ። አትጩኺ፣ አይሩጡ። አንድ በአንድ፣ በአጥሩ በኩል። ለስትራውድ ምንም እንዳትነግሪው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ሩቅ፣ ቤቭ የልጆቹን ስም ስትጠራ ይሰማታል። ሠላሳ ስም እስኪጠራ ድረስ ዊን አልተነፈሰችም ማለት ይቻላል።

አሥር ሰዓት ላይ አይሪስ፣ ክላሪ፣ ሐኪሙ፣ ቤቭና ስትራውድ ንባብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ደጃፉ ላይ አንድ ኮንስታብል ቆሟል። በተከፈተው መስኮት የሕፃናት መዝሙር ይገባል። አይሪስ ከክላሪ አጠገብ ላለመቀመጥ ወንበሯን አሸሸች።

«ይመለሱ፣ ሚሲስ ፐርቪስ» አለች ዊን። «ሚስተር ኦትስ ማንንም አልገደሉም።

ሚስ ትሬጌር ከደረጃ አልወደቁም። የወደቀ ሰው ፀጉሩ ይበተናል። እዚሁ ምድጃው ጋ ተገፍትረው ጆሮ ግንዳቸው ድንጋዩን መታው። ከዚያ አንድ ሰው አንሥቶ ደረጃው ሥር አስተኛቸው፤ ድንጋዩን ወለወለ፤ አንድ ደብተር ወሰደ። ሚስተር ኦትስ ሰው ተሸክመው ያን ያህል መሄድ አይችሉም። ሚሲስ ፐርቪስ የፈለጉት የራሳቸውን ደብዳቤ ነበር፤ ደብተሩን የወሰዱት እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ክፍተቱ የማን እንደነበር አይነግሩኝም ነበር። የቀረው የተደወለለት ሰው ነው።»

«አላገኙኝም ብዬሻለሁ!» አለ ስትራውድ።

«ብለኸኛል። እንዲሁም ‹የዳቦ ጋሪ ከነፈረሱ መሬት ዋጠው› ብለኸኛል። ያን ታሪክ ሚስተር ኦትስ በሕይወታቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገሩት፤ ያውም ረቡዕ ዕለት። ወይ ከሟቿ አፍ ሰምተኸዋል፣ ወይ ከደብተሩ አንብበኸዋል።»

ክላሪ ቀስ ብለው ዞረው አዩት።

«ተረት ነው አልክ። ግን ወንበሮቹን ዛሬ ጠዋት ከተረቱ ላይ አስነሣህ። ጫማህን ጭቃ ውስጥ ነክረህ ተረቱን ዞርክ። ልጅህንም ጉንፋን ይዟታል ብለህ ቤት አስቀረሃት። ሌሎቹን ሠላሳ ግን ሲሮጡበት ቆመህ አየሃቸው።»

ቤቭ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይህ ማስረጃ አይደለም» አለ ስትራውድ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አይደለም» አለች ዊን በእርጋታ። «ለዚህም ነው በዓሉ እንደታሰበው ይቀጥል ያልኩት። ይሰማሃል? ሣሩ ላይ እየተለማመዱ ነው። ታንያንም ሚስትህ አሁን አምጥታታለች። ከባሕር ዛፉ ወደ ወንዙ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ከፊት ረድፍ ቆማለች።»

ስትራውድ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «ከዚያ አውጧት! አውጧቸው፣ ትሰምጣለች፣ ይህን ያህል ሰው አይችልም!» እያለ በሩ ላይ ተወረወረ። ኮንስታብሉ ያዘው።

«ልጆቹ እዚሁ አጠገብ ጸሎት ቤት ውስጥ ናቸው» አለች ዊን። «ታንያ ቤቷ ናት። ሣሩ ላይ ማንም የለም።»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ራሱ ተናገረ። መሬቱ ተቆፍሮ ተመርምሯል ብሎ ፈርሞ ነበር፤ አልተመረመረም፤ የማስረከቢያው ቀን ደርሶበት ነበር። ሚስ ትሬጌር ሐሙስ ወደ ማታ ጠርተውት ታሪኩን አነበቡለት። ‹ነገ ጠዋት አንተ ራስህ ለወላጆቹ ካልነገርክ ቅዳሜ እኔ አነብበዋለሁ› አሉት። ደብተሩን ሊቀማ ታገላቸው።

«ለፋሲካ ሲዘጋ በዝምታ ልደፍነው ነበር» አለ። «ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«ከወደቁም በኋላ ይተነፍሱ ነበር» አለ ዶክተር ጊልክሪስት። «እኔ ማዶ ራት እየበላሁ ነበር። አንተ ምን ትሠራ ነበር?»

ስትራውድ ወደ ደረጃው አየ።

«ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር።»

ደብተሩ መኪናው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ተገኘ።

ቅዳሜ ጠዋት ምረቃ አልነበረም። የማዕድን አደጋ ነፍስ አድን ሠራተኞች በወገባቸው ገመድ ታስረው ሣሩን ገለጡ። ከሥሩ ያለው ግንድ በእጅ ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። አንደኛው ድንጋይ ጣለ። አጥር ላይ የተደገፉት እናቶች ድምፁን እየጠበቁ ቆሙ፤ የተሰማውም ብዙ ቆይቶ ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ እግሯ ሥር ያለውን መሬት ማየት ጀመረች። ከዚያ ሌላዋም። ቆይቶ ሁሉም መሬቱን ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ንባብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነበር። አይሪስ ፐርቪስ አዲስ ደብተር ገልጣ ተቀምጣለች። አንዱ ከዶሮ ቤቱ ሥር መሬቱ በየዓመቱ ዝቅ እንደሚል ነገራት። አንዲት አሮጊት በልጅነቷ እናቷ «እዚያ ጋ እንዳትደርሺ» ያለቻትን ጥግ ነገረቻት፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም። አይሪስ ሁሉንም ጻፈች፤ የማን ግቢ፣ ከምን ስንት እርምጃ።

ዊን ልትሰናበት ገብታ ነበር። ሰልፉን አይታ ቆመች፤ ከዚያ ከኋላ ገብታ ተራዋን ጠበቀች።

«አንቺም?» አለች አይሪስ።

«አያቴ እዚህ ጎመን ያመርት ነበር፤ አሁን ሥጋ ቤቱ ካለበት ጀርባ። የውኃ ጉድጓድ ነበረው። ሲለቅ ከድኖት እንደሄደ አባቴ ይናገር ነበር።»

«በምን ከደነው?»

«በአልጋ።»

አይሪስ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ጻፈች። ከኋላቸው ተራውን የሚጠብቀው ሥጋ ሻጩ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሚስቱን ከሱቁ ሊያስወጣ ሮጠ።