መቶ አርባ ሜትር ላይ ማን ያንኳኳል?

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ብታምኑኝ እሰየው፤ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ...

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 1943፣ ሰሜን አትላንቲክ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ስሜ ኤቫልድ ነው። በአንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ላይ ድምፅ አዳማጭ ነበርኩ። ባሕር ውስጥ መስኮት የለም። ጠላት የት እንዳለ የሚያውቀው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንድ የእንግሊዝ የጭነት መርከብ አስምጠን ነበር። የተረፉት በትንሽ ጀልባ ላይ ሆነው ለመኑን። ካፒቴን ሉደማን ትተናቸው እንድንሄድ አዘዘ።

ምግብ አብሳያችን አሎይስ ግን አላስቻለውም። አንድ ሙሉ ዳቦ ወረወረላቸው።

የሞተር ክፍሉ አለቃ ብሮደርሰን አየው።

"አንተ የተራራ ላም! የእኛን ዳቦ ለጠላት?"

"ሻጋታ ነበር" አለ አሎይስ።

"ትከፍላታለህ።"

ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደረሰብን። ወደ ታች ሸሸን። መቶ አርባ ሜትር ላይ ስንደርስ ቦምቡ ይወርድብን ጀመር።

መብራት ጠፋ። ብረቱ አቃሰተ።

ከዚያ... ጸጥታ።

እንግሊዞቹ ከላያችን ሆነው እያዳመጡን ነበር። አንድ ማንኪያ ቢወድቅ ማለቃችን ነው። ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን፣ ላባችንን እየጠረግን ቆምን።

ያኔ ነው የጀመረው።

ኳ... ኳ... ኳ...

ካፒቴኑ በባትሪ መብራት ፊቴ ላይ አበራብኝ።

"ከየት ነው?" በሹክሹክታ።

"ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሰማኝ፣ ጌታዬ።"

"ከሁሉም አቅጣጫ የሚባል ነገር የለም! ጆሮህን ጥረግ!"

ኳ... ኳ...

"እኔ አውቃለሁ ማን እንደሆነ" አለ ብሮደርሰን።

አሎይስን በአንገትጌው እየጎተተ አመጣው።

"ለወዳጆቹ ምልክት እየሰጠ ነው።"

"እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር! ኤቫልድ፣ አጠገብህ ነበርኩ እኮ... ንገራቸው!"

እውነቱን ነው። አጠገቤ ነበር።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጥላቻቸው በጨለማ ውስጥ እንኳ ይታየኝ ነበር። ዝም አልኩ።

እጆቹን የኋሊት አሰሩት።

ኳ... ኳ... ኳ...

"በእግሩ ነው!" አለ ብሮደርሰን። "ያዘው!"

እግሮቹን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሁለት እጄ፣ ደረቴ ላይ አጣብቄ። አልተንቀሳቀሱም። ማንኳኳቱ ግን ቀጠለ።

እሱ እንዳልሆነ አወቅሁ። አሁንም ዝም አልኩ።

አሎይስ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ።

"ዝም አሰኙት..." አለ ካፒቴኑ፤ ፊቱንም አዞረ።

ብሮደርሰን ፎጣ አፉ ላይ ጫነበት። እግሮቹ ተራገጡ። አጥብቄ ያዝኳቸው። ደግመው ተራገጡ... ከዚያ ከበዱ።

ማንኳኳቱ ቆመ።

ብሮደርሰን ቀና አለ። ጥርሱ ታየኝ።

"አያችሁ? አላልኳችሁም?"

አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ።

ኳ።

አንድ ብቻ።

ከዚያ ከጣሪያው። ከወለሉ። ከአልጋዎቹ ሥር። ከግራ፣ ከቀኝ፣ በአንድ ጊዜ... እግሬ ሥር ያለው ብረት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

ብሮደርሰን በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ። "ተው... ተው..." ይላል።

እኔ ግን በማዳመጫው ሌላ ነገር ሰማሁ። የእንግሊዙ መርከብ ሞተር ተነሣ።

"ጌታዬ... እየሄደ ነው።"

"እንዴት? ይህን ሁሉ ድምፅ እየሰማ?"

"በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሄደው። እየሸሸ ነው የሚመስለው።"

ማንኳኳቱ ማታ ላይ በራሱ ቆመ። አሎይስን በሸራ ጠቅልለን፣ ብረት አስረን ባሕር ውስጥ ጣልነው። ካፒቴኑ መዝገቡ ላይ "በሕመም ሞተ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ተጓዝን። ዓይን ለዓይን የተያየ ሰው አልነበረም። ብሮደርሰን ቆሞ ነው የሚያንቀላፋው፤ ግድግዳውን መንካት አይፈልግም ነበር።

ፈረንሳይ ጠረፍ ወዳለው ጣቢያችን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገባን። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። መርከቡን ወደ ጥገናው ገንዳ አስገቡትና ውኃውን ማስወጣት ጀመሩ።

ውኃው ሲጎድል ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን አቆሙ።

አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ወደ ካፒቴኑ መጣ።

"ጌታዬ... ውስጥ ሰው ቀርቷል?"

"ማንም የለም። ምን ሆንክ?"

ሽማግሌው በጣቱ አሳየው።

የመርከቡ ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አባብጧል። ቦምብ ወደ ውስጥ ነው የሚያጎደጉደው። ይህ ግን ወደ ውጭ ነበር። ያን ወፍራም ብረት ከውስጥ እንደ ሊጥ የገፉት መዳፎች... በመቶ የሚቆጠሩ መዳፎች።

"ቀለም ቀቡት" አለ ካፒቴኑ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

አንዱ ሠራተኛ መሰላል አቁሞ፣ ብሩሹን ይዞ ወጣ። ፊቱን ወደ ብረቱ አስጠጋ።

ከዓይኑ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ብረቱ ቀስ ብሎ አበጠ...

መጀመሪያ አውራ ጣት። ከዚያ አራቱም ጣቶች።