የኡስታዝ ጀላሉዲን መቀስ

ኡስታዝ ጀላሉዲን በገዛ መቀሱ ተወግቶ በስፌት መኪናው ሥር ተዘርሯል። አጠገቡ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ጫት ወድቋል። ኢንስፔክተር ኢክላስ ቅጠሉን ቀንጠስ አድርጋ አሸተተች።

ሟቹ የድሬዳዋ ሰው ነው። በጅቡቲ ወህኒ ቤት ለእስረኞች ስፌት ሲያስተምር ኖሮ፣ ለሚፈቱት ደግሞ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቱን መሥሪያ ብሎ ሰጣቸው፤ ሙያ ይዞ የወጣ ተመልሶ አይገባም ባይ ነበር። እውነትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። አሁን ግን ከነሱ አንዱ፣ ሱፊያን፣ ገደለ ተብሎ ተይዟል። ጥፋቱ የሱ ከሆነ የወህኒው ትምህርት ይዘጋል፤ ቤቱም ወደ ቤተሰብ ይመለሳል። ሰፈሩ እንደሆነ ፈርዶ ጨርሷል።

«ጠዋት አብሬው ነበርኩ» አለ ሱፊያን፣ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ዘርግቶ። «በሰላም ተለያየን። ከዚያ እስክትይዙኝ ድረስ ነፃ ቀጠናው መጋዘን ዕቃ ሳወርድ ነው የዋልኩት።»

«ኡስታዝ የሞተው ጠዋት ነው ብሏል ሐኪሙ» አለች ኢክላስ። «ትቅማለህ?»

«እቅማለሁ። ምን ልዋሽ!»

የሟች ሚስት ውዳድ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ለምሳ ሲቀር ሥራ ይዞት ነው አልኩ። ሲመሽ አኒስ የስፌት ቤቱን በር ከፈተልኝ። ገና እንደገባን ጫቱን ከነጨርቁ አየሁት።»

አኒስ የሟች የእህት ልጅ ነው፤ ከድሬ ከመጣ ሳምንቱ። «አቦ፣ ምኑ ይጣራል? አጎቴን ስንቴ መከርኩት፣ ከወንበዴ ጋር አትዋል ብዬ!»

«አንተስ ትቅማለህ?»

«እኔ? በአፌ ዞሮ አያውቅም!»

በማግስቱ ኢክላስ ሦስቱንም እዚያው ስፌት ቤት ሰበሰበቻቸው። ሙቀቱ ያፍናል፤ የደሙ እድፍ ከወለሉ አለቀቀም።

«ይሄ በር ሲሳብ ራሱን ይቆልፋል፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ሟች ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሌላውስ?»

«እኔ ጋ ነው» አለ አኒስ። «ቁልፍ መያዝ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ግን እንግዳ ነህና ልንገርህ። ድሬ ላይ ትኩስ ጫት በጠዋትም ይገኛል። እዚህ ጅቡቲ ግን ቀትር ሳያልፍ አይገባም፤ ጠዋት ያለው የትናንት ጠውላጋ ነው። እዚህ የወደቀው ደግሞ ለጋ ነበር። ስለዚህ ጫቱን የሱፊያን ለማስመሰል ያስቀመጠው ሰው ከቀትር በኋላ በቁልፍ ከፍቶ ገብቷል፤ አስከሬን አይቶም ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ሱፊያን መጋዘን ነው፤ አሠሪው መስክሯል። የሚቅም ሰው ይህን አይስትም ነበር፣ አኒስ።»

ውዳድ ቀና አለች። «ቤቱን ለሱቅ ስጠኝ እያለ ሲጨቀጭቀው ነበር እኮ...»

«ለዚህ ነው ራሱ ገድሎ፣ እስረኛ ገደለው ማሰኘት የፈለገው» አለች ኢክላስ። «ትምህርቱ ሲዘጋ ቤቱ ይለቀቃል።»

አኒስ በሩን አየ። ፖሊስ ቆሞበታል። «ለወንበዴ ከሚሰጥ ለዘመዱ ቢሰጥ ምን ነበረበት!» ብሎ ጮኸ።

ካቴናው ከሱፊያን እጅ ወጥቶ የአኒስ እጅ ላይ ገባ።

«የወህኒው ትምህርት አይዘጋም» አለች ኢክላስ። «አስተማሪ ግን የለውም።» ይህን ስትል የምታየው ሱፊያንን ነው።

ሱፊያን አኒስን እስኪያስወጡት ድረስ በዓይኑ ተከተለው። የሚወስዱት እሱ ራሱ ወደወጣበት ወህኒ ነው።

«ማንም ሳያምነኝ ኡስታዝ በመጀመሪያው ቀን መቀስ እጄ ላይ አኖረ» አለ። «ለማስተማር እገባለሁ። አኒስንም አስተምረዋለሁ። መቀሱን ግን... መቀሱን መስጠቱን እንጃ።»