ዋጋው ያልተበጠሰ ሹራብ

የፍሬውን አስከሬን ከቦዩ አውጥተው በብርድ ልብስ ቢሸፍኑትም ነፋሱ እየገለጠ አስቸገረ። ራኬብ ጎንበስ ብላ ጫፉን በድንጋይ አስያዘችው። ከሐበሻው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ የምርመራ ቢሮ አላት፤ ፍሬው ታክሲውን ደጃፏ ፓርክ እያደረገ ስንት ዓመት ያሳቃት ሰው ነበር። ቢሆንም ያየችውን አይታለች፦ ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ተቀዷል፣ ደረቱ ቀልቷል።

ፖሊሶቹ «ትግል ነበር» ብለው የፍሬውን ጓደኛ ዘሪሁንን በካቴና አስረው መኪና ውስጥ አስቀምጠውታል። ጠዋት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ሁለቱ ስልክ ሲነጣጠቁ ያየ ሰው አለ። ዛሬ የሚደርስለት ካላገኘ በነፍስ ማጥፋት መከሰሱ ነው።

ራኬብን የጠሯት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ወልዴ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዘሪሁን ስልኩን ለምን ቀማው?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት። የፍሬው እናት አዲስ አበባ አርፈዋል፤ እሱ አልሰማም። ፌስቡክ ላይ ‹ነፍስ ይማር› የሚል እንዳያይ ብለን ጀልባ ተከራይተን ይዘነው ወጣን። ነገ በማለዳ ከቄሱ ጋር ልናረዳው ነበር፣ እንደ ወጉ።»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«ዘሪሁን፣ የፍሬው ሚስት ሰርክና እኔ። እኔማ ነፋሱን ሸሽቼ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ምነው ባልተኛሁ።»

ራኬብ ጀልባዋ ላይ ወጣች። እንደ አውቶቡስ ረጅም ናት፤ ስፋቷ ግን ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም። መሪው ከኋላ ነው። መካከሉን ጣሪያ ያለው ክፍል ስለያዘው ከኋላ ያለ ሰው የፊቱን አያይም። የፊተኛዋ መቆሚያ ጠባብ ናት፤ አጥሯም ከጉልበት አያልፍም። ራኬብ የጀልባዋን ጎን ዳር እስከ ዳር በእጇ ዳበሰችው፤ ጭረት የለውም።

ዘሪሁንን በፖሊሱ መኪና መስኮት አነጋገረችው።

«ነፋሱ ከኋላዬ ነበር» አለ። «ቦዩ ጠባብ፣ ጀልባዋ ረጅም፤ ቀጥ አድርጌ ለመያዝ አበሳዬን አየሁ። ከፊት ምንም አልሰማሁም። ሰርክ እየሮጠች መጥታ ‹ወደቀ› ስትለኝ ነው ያወቅኩት።»

ሰርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ወፍራም ግራጫ ሹራብ ለብሳለች።

«ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ሲወድቅ አላየሁም።»

ስልኳ ጠራ። አይታው ገለበጠችው።

«ኤልዳና ናት፣ ልጃችን። ፓሳዴና ኮሌጅ ናት። አልሰማችም።»

ከማጅራቷ ላይ ዋጋ የተጻፈባት ወረቀት በነፋሱ ትርገበገባለች። ራኬብ ወረቀቷን አየች፣ እጅጌውንም አየች። ያየችውን ባላየች ደስ ባላት።

ፖሊሶቹን ለምና ዘሪሁንን አስመጣች፤ ሁሉም አግዳሚው ዙሪያ ቆሙ።

«ፍሬውን ማንም አልታገለውም» አለች። «ሸሚዙን የቀደደው፣ ደረቱንም የደቃው ራሱ ነው። የእኛ ሰው መቼ እንዲህ እንደሚሆን ጋሼ ያውቃሉ።»

ጋሼ ወልዴ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «መርዶውን ሰምቷል።»

«ታዲያ ማን ነገረው? ስልክ የለውም። ጋሼ ያለ ቄስ ትንፍሽ አይሉም። ዘሪሁን መሪውን ለቅቆ ቢሄድ በዚህ ነፋስ ጀልባዋ ከቦዩ ግንብ ጋር በተላተመች ነበር፤ ጎኗ ግን አልተነካም።» ወደ ሰርክ ዞረች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ይሄ ሹራብ ያንቺ አይደለም፤ የትልቅ ሴት ነው። ገና ዋጋው አልተበጠሰም። እጅጌው ደግሞ እስከ ብብት ርሷል። ውስጥ የነበረ ሰው እንዲህ አይርስም።»

ሰርክ እርጥቡን እጅጌ ጨበጠችው።

«ለእናቱ የገዛው ነው» አለች። «‹ቁመታችሁ አንድ ነው፣ ልበሺልኝና ልየው› አለኝ። ለበስኩለት። ‹እማዬን እንዲህ ነው የሚያምርባት› ብሎ ሳቀ። አልቻልኩም፣ ራኬብዬ። ለሞተች ሴት የተገዛ ስጦታ ለብሼ ሲስቅልኝ አልቻልኩም። ነገርኩት። ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ፣ ቤቱ ያለ መስሎት፤ ያቺ አጭር አጥር አልያዘችውም። ውሃው ውስጥ እጁን ይዤው ነበር። ብቻዬን እንዴት ልያዘው?»

መርዶ ሲነገር ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ የሚቆሙት ለካ ለዚህ ነው። ራኬብ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራ ዛሬ ገና ገባት።

«ዘሪሁን ሲታሰር እንኳ ዝም?»

«ልጄ ‹አባቴን እናቴ ገደለችው› እንዳትለኝ።»

ራኬብ ሁሉንም ለሳጅኑ በእንግሊዝኛ ደገመችለት። ካቴናው ተፈታ። ዘሪሁን ሄዶ ሰርክ አጠገብ ተቀመጠ፤ አንድም ቃል አልወቀሳትም። የሰርክ ስልክ እንደገና ጠራ።

«አታንሺው» አለች ራኬብ። «ፓሳዴና ድረስ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ። ሁላችንም እንሄዳለን።»

«ማን ይነግራታል?»

«አንቺ። እኛ ግራና ቀኝ እንይዛታለን።»

«ቀኙን ለእኔ ተዉልኝ» አለ ዘሪሁን፣ ካቴናው ያቀላውን የእጁን አንጓ እያሻሸ።