ከታርጋው ጀርባ

«እሷ ናት!» አለ ፈጣኑ፣ ጣቱን ወደ እህቱ ቀስሮ።

ብሎን የሚሏት እህቱ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። ጋራዡ ውስጥ ያሉት አባቷ፣ ታላቅ ወንድሟና እሷ ብቻ ናቸው። እጇ ላይ ብሩሽ ይዛለች። ከአንዲት ደንበኛ የስፖርት መኪና አፍንጫ ሥር የረገፈውን የፕላስቲክ ፍርፋሪ ልትጠርግ ጎንበስ እንዳለች ነው አባቷ ከች ያለው። መብሻው ትራፓኖ እግሯ አጠገብ ተጋድሟል። እዚያ ያጋደመው ፈጣኑ ነበር፣ የአባቱን ኮቴ እንደሰማ።

አባቷ በርከክ ብሎ የፊት መከላከያውን፣ ፓራውልቱን፣ አየ። በሚያብረቀርቀው ብርቱካናማ ቀለም ላይ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለው እንደ ሸውራራ ዓይን ያፈጣሉ።

የመኪናዋ ባለቤት የጥርስ ሐኪም ናት። ጠዋት ቁልፉን ስታስረክብ አደራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲሱ የታርጋ ክፈፍ ተስተካክሎ ይታሰር፣ ፓራውልቱ ግን ሌላ ቀዳዳ እንዳይነካው። «መብሳት የእኔ ሥራ ነው፤ እናንተ እንዳትበሱብኝ» ብላ አስቃቸውም ነበር።

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁም! ትራፓኖውን አልነካሁትም!»

«ዝም በይ! ጠዋት ‹እኔ ልሠራው፣ እኔ ልሠራው› እያለች ስትጨቀጭቀኝ የነበረችው ማን ናት? ጎረቤት ናት?»

ብሎን ለምናዋለች፣ እውነት ነው። ውሸቱ ቀጥ ብሎ የቆመውም ይህችን እውነት ተደግፎ ነው። ወንድሟን አየችው። እሱ መሬቱን ያያል።

«ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያ እንዳትነኪ! ደብተርሽን ይዘሽ ቤት ቁጭ በይ» አለ አባቷ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፈፉ ይሸፍነዋል። ሴትየዋ ስትመጣ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ስማችን ነው የሚጠፋው። አንተ፣ ቶሎ ጨርሰው።» ይህን ብሎ ግቢው ጥግ ወደቆመው የጭነት መኪና ተመልሶ ከሥሩ ገባ።

ብሎን እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገና ዳዴ ስትል ከወለሉ ላይ ብሎን አንስታ አፏ ውስጥ ከትታ ቤቱን ሁሉ በጩኸት ስላናወጠችው የወጣላት ቅጽል ነው። ወንድሟን ደግሞ ጓደኞቹ ፈጣኑ ይሉታል። ሁሉን ነገር ሳያይ ይጀምራል፣ ሳይጨርስ ይነሳል።

«አንተ፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም?» አለችው። ደሟ ፈልቶ ጆሮዎቿ ይግላሉ።

«በናትሽ ብሎኔ፣ አታካብጂው። አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ምን ትሆኛለሽ? ቢበዛ ቁጣ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ደግሜ ባበላሽ ከዚህ እንደሚያባርረኝ ምሎብኛል።»

«እና እኔ ልባረር?»

«አንቺ መቼ ተቀጠርሽና!»

ይህች ቃል ከውሸቱ ይልቅ አንጀቷን አሳረረችው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከዚህ ጋራዥ ጠፍታ አታውቅም። ጓደኞቿ ሲዝናኑ እሷ ከመኪና ሥር ባትሪ ይዛ ለአባቷ ታበራለች፤ የእያንዳንዱን ቁልፍ ልክ በዓይኗ ትለያለች። ይህ ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የሚታየው ማለት ነው።

ጥላው ልትሄድ ዞረች። ፈጣኑ ክፈፉን አንስቶ በበሳቸው ቀዳዳዎች ላይ ሲለካው አየች። ክፈፉ ወደ ግራ አዘመመ። ሲያቃናው ወደ ቀኝ አዘመመ። የብሎን መፍቻው፣ የካቻቢቴው ጫፍ አዳልጦት ቀለሙን ሊጭር ለጥቂት ሳተው።

«ተው!» ብላ ጮኸች። «ሁለተኛ እንዳትነካት! እሷ ምን አጠፋች?»

ካቻቢቴውን ከእጁ ነጠቀችው። ለእሱ ብላ አልነበረም። ያቺን የመሰለች መኪና አፏ ተጣሞ ስትወጣ ማየት ስላልቻለች ነው።

ፓራውልቱ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ። ጠዋት ቆሻሻውን ስትጠርግ አይታቸዋለች። በጥፍሯ ፈልቅቃ አነሳቻቸው። ከሥራቸው ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጃቸው የብሎን ማሰሪያዎች ብቅ አሉ።

ፈጣኑ ዓይኑ ፈጠጠ። «እዚያው ነበሩ እንዴ?»

«ብታይ ኖሮ ይታዩህ ነበር» አለች፣ ሳታየው።

ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር ለጠፈች። የጋራዡ ወለል ተዳፋት ስለሆነ ውሃ ልኩን አላመነችውም። ከሁለቱ መብራቶች እኩል ለክታ መሐሉን በእርሳስ ጠቆመች። መኪናዋ ስትነዳ እንዳይንኳኳ ከክፈፉ ጀርባ ስስ ጎማ አስገባች። ብሎኖቹን አንዴ የግራውን፣ አንዴ የቀኙን፣ እያፈራረቀች በጥቂቱ አጠበቀች። ንዴቷ ሁሉ ጥርሷ ላይ ነበር፤ መንጋጋዋ እስኪያማት ነክሳዋለች። ስትጨርስ ፕላስተሩን ላጠችና ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ቀጥ ብሏል። ከመኪናዋ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። የወንድሟ ቀዳዳዎች ከታርጋው ጀርባ ጠፍተዋል።

ካቻቢቴውን ኪሷ ከታ ጥግ ይዛ ቆመች።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሟ መጣች። መኪናዋን ስታይ ፊቷ በራ። ጎንበስ አለችና ጣቷን በክፈፉ ጠርዝ ላይ አስኬደች።

«ዋው! ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለ ፈጣኑ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

አባቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጄ ነው። ልቡ ከሰከነለት እጁ ወርቅ ነው።»

ጥፋቱ ሲሆን የእሷ፣ ሙያው ሲሆን የእሱ! ብሎን አሁን አፏን ብትከፍት የሚወጣው ጩኸት ብቻ እንደሆነ አወቀች። በጩኸት ደግሞ ማንም አያምናትም፤ ‹ቀናች› ነው የሚሏት። ስለዚህ አልጮኸችም። ወደ መኪናዋ ሄዳ ተንበረከከችና ካቻቢቴውን አወጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ።

የግራው ብሎን ወጣ።

«ብሎኔ…» አለ ፈጣኑ በሹክሹክታ። «በናትሽ… በናትሽ…»

የቀኙም ወጣ። ያን ሁሉ የተጨነቀችበትን ክፈፍ ከነታርጋው አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ለሁሉም ታዩ።

«ክፈፉን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለች። «እነዚህን ግን እኔ አልበሳኋቸውም።»

ሐኪሟ ጣቷን ወደ አንደኛው ቀዳዳ አስጠጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ቀና ብላ አባትየውን አየችው።

«ሊነግሩኝ አስበው ነበር?»

አባቷ ጨርቁን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ፣ እስቲ ቀና በል። ማን ነው የበሳው?»

«እኔ» አለ ፈጣኑ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

ሐኪሟ አልጮኸችም፤ መጮኹ ይሻል ነበር። አባቷ ፓራውልቱን ፈትቶ ቀዳዳዎቹን እንደሚደፍንና መልሶ ቀለም እንደሚያስቀባው ቃል ገባላት፤ ይቅርታም ጠየቃት። እሷም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ብሎንን ለአፍታ አየቻትና በእግሯ ወጣች።

አባቷ ጉሮሮውን ጠራረገ። ‹ይቅርታ› የምትለው ቃል ለሐኪሟ ቶሎ ወጥታለት ነበር። ለሴት ልጁ ሲሆን ግን የሆነ ቦታ ተሰንቅራ ቀረች።

«መቼም… ፓራውልቱን መፍታት አለብን» አለ በመጨረሻ። «ያንን የስምንት ቁልፍ ብታቀብይኝ…»

ብሎን ቁልፉ የት እንዳለ ታውቃለች። አላቀበለችውም። ንዴቷ ገና ከሆዷ አልወጣም። ክፈፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች፣ ብሎኖቹን ከላዩ አኖረች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ነው የምመጣው» አለች። «የምፈታው እኔ ነኝ። እስክመጣ ድረስ ማናችሁም እንዳትነኳት።»

ፈጣኑ አባቱን አየ። አባቱ ‹እንዳትነኪ› ያላትን የመሣሪያ ሳጥን ከደነው፤ አልቆለፈውም።