አራተኛው ማዕዘን

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለ ወርዶ የደሴን ጣሪያዎች ሲሸፍን፣ ደብሪቱ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ መጋዟን ታነሳለች። የፎቶ ፍሬም መሥራት ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። መጋዙን፣ መላጊያውንና እንጨት በሰያፍ የሚቆረጥበትን ሳጥን ያዋሷት ጎረቤቷ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ አርባ ዓመት በአናጢነት ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን የተዉ ሽማግሌ። ሴንቲሜትር ማንበብ የተማረችው አምና በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ እያንዳንዱን ልክ ሦስት ሦስት ጊዜ ትለካለች፤ በእርሳስ የጻፈችውንም በጣቷ እየተከተለች መልሳ ታነበዋለች።

የምትሠራው ለአንድ ፎቶ ብቻ ነው። ልጇ ሰናይት ከሞተች በመጪው እሑድ ዓመት ይሞላታል። ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከፎቶው ፊት ለፊት ደግሞ የሰናይት ባል ማንደፍሮ ይቀመጣል። ደብሪቱ ወንበሩን ሳይቀር መርጣለታለች። ማንደፍሮ ሰናይትን ይመታት እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ አምና በነሐሴ ዝናብ ወንዝ ዳር ሞታ ስትገኝ፣ ጎርፍ ነው የወሰዳት ተብሎ እሱ በነፃ ተለቀቀ።

"ፊቷን እያየ እህል ከዋጠ አያለሁ" ትላለች ለብቻዋ፣ መላጊያውን እየገፋች፣ ከእንጨቱ ሳይሆን የሰውየውን ቆዳ የምትልግ ይመስል።

እንጨቱን ከገበያ አልገዛችም። ከቀብሩ በኋላ የቤቷን የእንጨት በር አስነቅላ በብረት በር ለውጣው ነበር፤ የአሮጌው በር ሳንቃዎች ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ አጥሩን ተደግፈው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ከርመዋል።

ማክሰኞ ዕለት ፍሬሙን ለጋሽ ሙሄ አሳየቻቸው። ሦስቱ ማዕዘኖች ጥፍር አያስገቡም። አራተኛው ግን እንደ ተገረበበ በር ክፍት ነው።

"ይሄማ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ድመትም ያስገባል" አሏት እየሳቁ።

"ልኩ ትክክል ነው፣ ጋሽ ሙሄ። ሦስቴ ነው የለካሁት።"

መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ለኩት። ልኩ ትክክል ነበር። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይሄ የበርሽ እንጨት አይደል? ምን ሆኖ ነቀልሽው? ዝግባ እኮ የልጅ ልጅሽን ያገለግል ነበር።"

"ብል በልቶት ነበር።"

ሽማግሌው ንጹሑን እንጨት በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት፤ ከዚያ መለሱላት።

እንደገና ኮላ ቀባችው፣ በሲባጎ ጠፍንጋ አሰረችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ምስር ለመልቀም ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ከጠረጴዛው በኩል አንድ ድምፅ ሰማች። ኳ፣ ኳ፣ ከዚያም በጥፍር ጫር። እጇ ሰፌዱ ላይ ደረቀ። ሰናይት ቁመቷ እጀታው ጋ ሳይደርስ ጀምሮ በር የምታንኳኳው እንዲህ ነበር፤ ሁለቴ መታ፣ አንዴ ጫር። እንጨት ሲደርቅ ይንቋቋል ብላ ራሷን አጽናናች። ስትነሳ ግን ሲባጎው እንደተወጠረ ነው፤ አራተኛው ማዕዘን ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ሰፍቷል። መዳፏን ክፍተቱ ላይ ብታደርግ ቀጭን ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣባት። መስኮቱ ዝግ ነበር። ነፋሱ የረጠበ ነጠላና የጭቃ ሽታ ይዞ ነበር።

ረቡዕም፣ ሐሙስም ያው ሆነ። ዓርብ ዕለት ደብሪቱ መፍራት ትታ ደስ ይላት ጀመር። ልጇ ዝም ብላ እንዳልተኛች፣ ደሟን ልትጠይቅ እንደመጣች ገባት። "ግድ የለም፣ እሑድ ይመጣልሻል" አለችው ክፍተቱን፣ በሹክሹክታ።

እሱ ግን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጣ። ማንደፍሮ ከስቷል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በራፉ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር? እርስዎ ያሉኝን ላድርግ ብዬ ነው።"

"ና እንጂ። ቦታህን አዘጋጅቼልሃለሁ።"

ወንበሩንም ባዶውን ግድግዳም አየ። "መትቻታለሁ፤ አልክድም። እግዜር ይፍረድብኝ። ግን ያን ቀን ከቤት ስትወጣ እናቴ ጋ ነው የምሄደው ብላኝ ነው የወጣችው። በእውነት እዚህ አልመጣችም?"

"አልመጣችም አልኩህ!"

ከጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ፣ አንዴ ጫር አለ። የማንደፍሮ ከንፈር ነጣ። ፍሬሙን አይደለም፣ ደብሪቱን ነው ትክ ብሎ ያያት፤ ከዚያ ኮፍያውን ሳያደርግ ወደ ዝናቡ ወጣ።

"ፈራ" አለች፤ ልትስቅ ሞከረች። ግን አልሳቀችም፤ ሰናይት መጥታ ነበርና። ያን ቀን ሊመሽ ሲል፣ በእንዲህ ያለ ዝናብ ሰናይት በሩን ሁለቴ መታ፣ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ነበር። ደብሪቱ ተነስታ ሄደች፤ መወርወሪያውን ግን አልሳበችም፣ እስከ ጥጉ ገፋችው እንጂ። ጎረቤት እንዳይሰማ ጉንጯን ሳንቃው ላይ አስጠግታ በለሆሳስ ጥቂት ቃል ተናገረች። ቀጥሎ የሰማችው የልጇ እግር በጭቃው ላይ እያዘገመ ሲርቅ ነው። ይህንን ለፖሊስም ለንስሐ አባቷም አልነገረችም።

ከኋላዋ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ዞር ስትል አራተኛው ማዕዘን ገጥሟል። ማንም ሳይነካው፣ የተቆረጠበት መስመር እስኪጠፋ ድረስ ገጥሟል። ፎቶውን አስገባች፣ መስተዋቱን ከላይ አደረገች። የሰናይት ፊት ወዲያው በጉም ተሸፈነ። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ አልጠራም። እርጥበቱ ከውስጥ በኩል ነበር፤ አፍ ያለበት ቦታ ላይ እየሰፋ እየጠበበ፣ እየሰፋ እየጠበበ።

ኳ፣ ኳ። ጫር።

አሁን ድምፁ የመጣው ከቤቱ በር ነው፤ የብረት ድምፅ ግን አልነበረውም። ደብሪቱ ፍሬሙን ጥላ ሮጠች። ለልጇ በር መክፈትን ዓመት ሙሉ በልቧ ስትደጋግመው ኖራለች። "መጣሁ ልጄ፣ ከፈትኩልሽ" እያለች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም የለም። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። በባዶ እግሯ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ወጣች፤ "ሰናይት" ብላ ተጣራች።

በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዚያም እንጨት በእንጨት ላይ ሲንሸራተት፣ መወርወሪያ እስከ ጥጉ ሲገፋ ሰማች። የብረቱ በር የእንጨት መወርወሪያ የለውም። እጇን ዘርግታ ስትነካው ያገኘችው ርጥብ ዝግባ ነው። ዝናቡ አንገቷ ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች በኩል ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ሁለቴ መታችው፤ ከዚያ ጣቶቿ በራሳቸው ጊዜ ሳንቃውን ጫሩ።

ከሳንቃው ማዶ ጉንጭ ሲጠጋ ተሰማት፤ ጎረቤት እንዳይሰማ የተጠነቀቀ ለስላሳ ድምፅም "ዛሬ ተመለሺ ልጄ፣ ሰው ምን ይለናል፤ ነገ ሽማግሌ እልክልሻለሁ" አላት።