ሰማያዊዋ ሁለት

ኢንጂነር ሕዝቅያስ ሰበታ ካለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ካለበት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤ ተከፍቶ ነበር፦ «ጌዲን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ውስጥ H₂S እንዳለ እያወቅኩ አስገባሁት። እኔንም H₂S ይውሰደኝ።»

H₂S ከቆዳ ፍሳሽ የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ጌዲ ደግሞ የጉድጓድ ጠራጊ ነበር። ከስድስት ወር በፊት እዚያው ታፍኖ ሲሞት በፋብሪካው ሪፖርት ላይ «የልብ ሕመም ነው» ብሎ የፈረመው ይኸው ሕዝቅያስ ነው፤ ፈርሞም እንቅልፍ አላጣ።

ኢንስፔክተር ተረፈች በዘበኛው ጀመረች።

«ኦቦ ሁንዴ፣ አንቱ ስትደርሱ በሩ እንዴት ነበር?»

«ከውጭ ተቀርቅሮ። የከፈትኩት እኔው ነኝ፣ ዋቃ ያውቃል።»

«ራሱን የሚገድል ሰው ከውጭ አይቀረቅርም» አለች።

የላቦራቶሪው ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ምክትሉ ካሣዬና ከሦስት ወር በፊት የተቀጠረችው ጸሐፊ ጣቢታ።

«ወንበሩን እፈልገው ነበር፣ አልክድም» አለ ካሣዬ። «ግን የጌዲን ነገር ማንሳት ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?»

ጣቢታ ቀና ሳትል «የሰጡኝን እተይባለሁ፣ ሌላ አላውቅም» አለች።

ከኮምፒውተሩ ለመዝገብ የታተመው ደብዳቤ ጥቁርና ነጭ ነው። ተረፈች ግን ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ጽሑፉን አጎላችው። ዝቅ ብለው የተጻፉት ሁለቱ ትንንሽ ቁጥሮች ሰማያዊ ነበሩ።

«ቁጥር ዝቅ ሲደረግ ቀለሙ ይቀየራል?»

«በፍጹም» አለ ካሣዬ። «ከሌላ ጽሑፍ ካልተገለበጠ በቀር።»

ፍተሻ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ላቦራቶሪው ውስጥ ሰብስባ አንድ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከጣቢታ ቦርሳ የተገኘ ነው። ውስጡ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ማመልከቻ አለ፤ ጌዲ ከመሞቱ ከሳምንት በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ አለ ብሎ ለሕዝቅያስ የጻፈው። ቁጥሮቹ የተገለበጡት ከዚህ ነው። እዚህ ሁሉም ጌዲ እያለ ይጠራው ነበር እንጂ የአባቱን ስም የጠየቀ የለም። ፊርማው ጌዲ ሶያማ ይላል። ያንቺ አባት ማን ነው፣ ጣቢታ?»

«ሶያማ። ጌዲ ወንድሜ ነው።»

«የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቷል ብለሽ ሕዝቅያስን ጠራሽው፣ ጋዙ እንዲያፍነው በሩን ቀረቀርሽበት፣ ደብዳቤውን ጻፍሽ። ትንሿን ቁጥር መተየብ ስላልቻልሽ ግን ገለበጥሽ፤ ያጋለጠሽም እሱ ነው።»

ጣቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሳች።

«ዓለም ገና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ትንሿን ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ እተይባታለሁ። ያንን ማመልከቻ ይዤ ያልገባሁበት ቢሮ የለም። አንድም ሰው አላነበበልኝም። ቀለሟን ያየ ከየት መጣች ብሎ መፈለጉ አይቀርም ብዬ የጌዲን ሁለት ደብዳቤው ላይ ለጠፍኩ።»

«እንደምትያዢ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። ሕዝቅያስ በሩን ሲደበድብ ቆሜ ሰማሁት፣ አልቆጨኝም። ያ ወረቀት አሁን ማስረጃ ነው። ዳኛውም ሳይወድ ያነበዋል።»

ካሣዬ አንገቱን ደፋ። ተረፈች ማመልከቻውን አሳተመችና መዝገቡ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው።